የባሌን እጅ የያዘችው ሴትዮ

ጥቅምት 4

የተለየ ነገር የለም። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ገባሁ። ደም ሲመጣ፣ ደም ሲሽከረከር፣ ቁጥር ሲወጣ ዋለ። የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ዝናብ እንደነበረ ያወቅሁት ፓርኪንግ ስወጣ ነው።

ቤት ገብቼ የአምሳሉን የነገ ምሳ ሠራሁ። ስልስ፣ ቲማቲም በዛ ያለበት። ባለፈው ፋሲካ አዲስ አበባ ሄጄ በሻንጣ ተሸክሜ ባመጣሁት ድስት። እዚህ ኮሎምበስ የሚሸጡት ሁሉ ያሳርሩብኛል፤ ይሄ አንድ ቀን አላሳረረም። ሻጩ "ከመኪና ሞተር የቀለጠ ነው እትዬ፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል" ነበር ያለኝ። ዋናው በላተኛ ባሌ ነው፤ ምሳውም ራቱም ከዚያ ነው። እኔ ምሳዬን ካፍቴሪያ ነው የምበላው።

ሰሞኑን ግን ምሳ ዕቃው ግማሽ ሆኖ ይመለሳል። ሆዴ ደርቋል ይላል። ትንሽ ነገር ያስቆጣዋል። ኤርፖርት ካርጎ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ካደረጉት ወዲህ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ራት ላይ ድንገት፦

"ዛሬ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር።"

"የቱ ሐኪም? ቀጠሮ አልነበረህም።"

"የባህል ናት። ህንድ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው የላከኝ።"

"እና ምን አለች?"

"እጄን ያዘች።"

እጄን ያዘች! ሌላ ቃል አልጨመረም። ሳህኑን አነሳና ሄደ።

ጥቅምት 9

እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለእትዬ አፀደ ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝም። እትዬ አፀደ የነገሩትን በነጋታው የኮሎምበስ ሐበሻ ሁሉ የሚሰማው ሰው ናት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ቆንጆ ናት?" ብላ ነው።

"እኔ ምን አውቄ!"

"እወቂያ። ወንድ ልጅ እጁን ለማንም አይሰጥም።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። መኪና ውስጥ ግን አልሳቅሁም። አምሳሉ እየነዳ ሳለ ጠየቅሁት።

"ይዛ ምን አደረገች?"

"ሦስት ጣቷን እዚህ ጋ አስቀመጠች። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ 'ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ትነቃለህ' አለችኝ።"

"ትነቃለህ እንዴ?"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆይቷል፣ የምሥ" አለኝ፣ ስሜን አቆላምጦ።

ሃያ ሁለት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ። እኔ አንዴ ከተኛሁ ድንጋይ ነኝ፣ እሺ። ግን እንዴት አይነግረኝም? ደግሞስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከሆነው ወንድ ግማሹ ይነቃ የለ? ይሄን ለመናገር ሦስት ጣት ምን ያደርጋል? በግምት ነው። ግምት!

ጥቅምት 13

የአምሳሉን የአሥር ዓመት የደም ውጤት አውጥቼ አነበብኩ። ስኳሩን፣ ኮሌስትሮሉን፣ ኩላሊቱን፣ ጉበቱን። አብዛኛውን በቃሌ አውቀዋለሁ። "ስምንት ሰዓት ላይ ይነቃል" የሚል መስመር ፈለግሁ… ሞኝ ነኝ። እንደዚህ ያለ መስመር የለም።

ጥቅምት 22

ዛሬም ሄዶ ነበር። ሦስተኛው መሆኑ ነው። ዱቄት ይዞ መጣ፤ ቡናማ ዱቄት በትንሽ ብልቃጥ፣ በሞቀ ውኃ ጠዋትና ማታ። እኔ ስሠራ የዋልኩትን ምግብ ግማሹን ይተዋል፣ የእሷን ዱቄት ጥንቅቅ አድርጎ ይጠጣል። አጠገቡ ቆሜ "ብላ እንጂ" እያልኩ አስጨረስኩት። ከነገ ጀምሮ አብዝቼ ነው የምሠራለት።

ያንገበገበኝ ግን ያ አይደለም።

"ስለ ብዙነህ ጠየቀችኝ" አለኝ።

ብዙነህ ታላቅ ወንድሙ ነው። በሱዳን መንገድ ላይ ነው የሞተው፣ ሁለቱም ከአገር ሲወጡ። እኔና አምሳሉ ከመገናኘታችን በፊት። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ፎቶው ሳሎን ውስጥ አለ። በየዓመቱ ጸሎት እናስደርጋለን። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት "እንዴት ሞተ?" ብዬው ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጠይቄው አላውቅም።

"ምን ብለህ ነገርካት?"

"የሆነውን።"

"የሆነው ምንድን ነው?"

"ደክሞኛል። ሌላ ቀን።"

ለእሷ አልደከመውም! የማታውቀው ሴት፣ በወር ሦስት ቀን ያያት ሴት… ቀናሁ። በቃ፣ ይኸው ጻፍኩት። ሌላ ስም የለውም። ሴት ይዞብኝ ቢሆን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ እትዬ አፀደን ይዤ እሄድባት ነበር። ይሄን ግን ምን ይሉታል? ባሌን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች።

ኅዳር 2

አየኋት።

የአምሳሉ መኪና ጋራዥ ስለገባ እሱን ከሴትዮዋ ጋ ላመጣው ሄድኩ። ዋይትሆል ሰፈር፣ ጥፍር መሥሪያ ቤትና ታክስ የሚሠሩበት ቢሮ መሃል ያለች አንዲት ክፍል። ሊፕስቲክ ተቀብቼ ነው የሄድኩት። ደህናውን ኮቴንም ለብሼ።

ሰባ ዓመት ይሆናታል። አጭር፣ ሽበቷን አንድ ሹሩባ አድርጋ የጎነጎነች፣ ሹራብና የስፖርት ጫማ ያደረገች። ስሟ ቫሳንቲ። ቆንጆ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። በቆንጆ መቅናት ሰው ይረዳዋል።

"የደም ባለሙያዋ መጣች!" ብላ ሁለት እጄን ያዘች። "ባልሽ ስላንቺ ያወራል።"

ምን ብሎ? አልጠየቅሁም። ግድግዳው ላይ በማላውቀው ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። በአገሯ ቋንቋ እንደሷ ያለውን ሐኪም "ቫይድያ" ነው አሉ የሚሉት፤ ያወቀ ማለት ነው። አምሳሉ ጃኬቱን እየለበሰ ነበር። መሄድ ስንችል እኔ ነገር ፈልጌ፦

"ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚነቃ እንዴት አወቁ?" አልኳት።

"በእኛ ዘንድ ሰው የሚያውቀው በሦስት መንገድ ነው" አለች፣ ቁጭ በይ እያለችኝ። አልተቀመጥኩም። "ከታመነ ሰው በሰማው። ራሱ አይቶና ነክቶ ባገኘው። ካገኘው ተነስቶ በሚደርስበት። ከአስተማሪዬ የሰማሁት አለ፣ በጣቴ ያገኘሁት አለ፣ ሁለቱን አያይዤ የደረስኩበት አለ።"

"ጣት ይሳሳታል። ለዚህ ነው እኛ ማሽን ያለን።"

"ማሽኑ ያወጣውን ማን ያነበዋል?"

"እኔ ላንብበው ሌላ ሰው፣ ቁጥር ያው ቁጥር ነው። የአንባቢው ማንነት ምንም አይለውጠውም።"

"እኛ ደግሞ ከአንባቢው ነው የምንጀምረው" አለች፣ ሳትቆጣ። "የታመነ የምንለው ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ቅናት ልቡን ያልጋረደበትን ነው። የተጋረደ ሰው እያየ አያይም።"

ቅናት ያለችው ስለ እኔ ነው? በምን አወቀች? ሊፕስቲኩ ነው?

መኪና ውስጥ አምሳሉ "ጥሩ ሰው ናት አይደል?" አለኝ። ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁት።

ኅዳር 6

ዛሬ በእረፍት ሰዓቴ ሳነብ ነበር። ከህንድ ባህላዊ መድኃኒቶች አንዳንዱ ውስጥ ሊድ ይገኛል። እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት። አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪም አለ። የሊድ መርዝ ምልክቶቹ፦ የሆድ ድርቀት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ቁጣ፣ እንቅልፍ ማጣት…

ልቤ ዘለለ። የደነገጥኩ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ይሄን የምጽፈው ለራሴ ስለሆነ ልዋሽ አልችልም፦ ደስ አለኝ።

ኅዳር 7

በአምሳሉ የሐኪም ቤት አካውንት ገባሁ። የይለፍ ቃሉን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በእሱ ስም ለቤተሰብ ሐኪማችን ጻፍኩ፦ "የህንድ ባህላዊ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው፤ ከዓመቱ ምርመራ ጋር የሊድ ምርመራ ይጨመርልኝ።" እሺ አሉ።

ለእሱ "የስኳር ነው፣ የዓመቱ" አልኩት። እጅጌውን ሰብስቦ ሄደ። ምንም አልጠረጠረም።

ኅዳር 14

አሥራ አራት!

ሊድ ከሦስት ተኩል በላይ ከሆነ ከልክ በላይ ነው። እሱ አሥራ አራት ነው። ቁጥሩን ሥራ ቦታ ስልኬ ላይ አይቼ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ያዝኳት። ያዝኳት! ያወቀች ተብላ መርዝ እየሰጠችው ነው። ከዚያ መስታወቱን ቀና ብዬ ሳይ ፈገግ ብያለሁ። የባሌ ደም ውስጥ መርዝ ተገኝቶ ፈገግ ብያለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ማታ ስልኩን ፊቱ አስቀመጥኩለት። አነበበ። ስለ ዱቄቱ ተናገርኩ፣ ተናገርኩ። በመጨረሻ፦

"ለሐኪሙ ይሄን መልዕክት የጻፈው ማነው?"

"እኔ ነኝ። ላንተ ብዬ…"

"በእኔ ስም?"

"አምሳሉ፣ አሥራ አራት እኮ ነው!"

"ብትጠይቂኝ አልሰጥሽም ነበር? ደሜን?"

ብልቃጦቹን ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። "ውሰጃቸው" አለኝ። የሮሃ ክፍል ገብቶ ተኛ። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ክፍሉ ባዶ ነው።

ኅዳር 18

ሮሃ ለታንክስጊቪንግ በዓል መጣች። ጾም ስለገባ ተርኪ ዶሮ የለም፤ ምስር፣ ጎመን፣ ስልስ ሠራሁ። እሷ የምትኖረው ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ነው፤ በወር አንዴ ነው የምትመጣው። አባቷ ክፍሏ ውስጥ እንደሚያድር ትራሱን አይታ ገባት።

"ዋትስ ጎይንግ ኦን?"

"ምንም የለም፣ ብዪ።"

"ማም።"

"ብዪ አልኩ።"

አምሳሉ በልቶ "እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። እንደ እንግዳ።

ኅዳር 20

የውጤቱን ወረቀት ይዤ ዋይትሆል፣ ቫሳንቲ ጋ ሄድኩ። በመንገድ ሙሉ የምላትን ስለማመድ ነበር። ፖሊስ የሚለው ቃል ውስጡ አለ።

ወረቀቱን አየችና አፏን በእጇ ያዘች። ትከራከረኛለች ብዬ ነበር። አልተከራከረችም።

"ከወር በላይ እጁን ያዝኩት" አለች። "ድርቀቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ቁጣውን አየሁ። እኛ ነፋስ የምንለው በሰውነቱ በዝቷል አልኩ። ብረት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ጣቴ ይሄን አያገኝም። ያንቺ ማሽን አገኘው።"

ከመደርደሪያዋ አምሳሉ የወሰደውን ሁሉ ከየማሰሮው ቀዳች። በየከረጢቱ ስሙንና የገዛችበትን ቀን ጻፈች። "ሁሉንም አስመርምሪ። ውጤቱ ክፉ ከሆነ በሬን እዘጋለሁ። ለሌሎቹም ራሴ እነግራቸዋለሁ።"

ቦርሳዬን ዘጋሁ። ልወጣ ስል፦

"ያንቺስ ስንት ነው?"

"ምኑ?"

"የደምሽ። አብራችሁ አይደል የምትኖሩት? አንድ ውኃ ነው የምትጠጡት፣ አንድ ማዕድ ነው።"

"እኔ ዱቄትዎን አልወስድም!"

"እኮ" አለች። "ለዚህ ነው የምጠይቅሽ።"

በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ።

ኅዳር 22

ሥራ ቦታ ዛሬ የደም ናሙና ቱቦዎቹን ሳይ ዋልኩ። ስም የላቸውም፤ ባርኮድ ነው ያለባቸው። ለምንድን ነው? እንዳናዳላ። መድኃኒት ሲፈተን ማን እውነተኛውን እንደወሰደ ለሐኪሙም አይነገረውም። ለምን? ሰው የሚፈልገውን ስለሚያይ። እኛም እኮ እናውቀዋለን ቫሳንቲ ያለችውን። እነሱ ሰውዬው ልቡን እንዲያጠራ ይጠይቃሉ። እኛ ልቡ እንደማይጠራ ቆጥረን ስም እንሸፍንበታለን። ያው አንድ ፍርሃት ነው።

እኔ ሁለቱንም አላደረግሁም። ልቤንም አላጠራሁ፣ ስሙንም አልሸፈንኩ። አንድ ደም አይቼ፣ የማን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ጥፋተኛው ማን እንዲሆን እንደምፈልግም እያወቅሁ ፈረድኩ። ማነጻጸሪያ እንኳን የለኝም። ከእኔ ጋር የምትሠራ ልጅ እንዲህ ብታደርግ ምን እላት ነበር? ቱቦውን ከእጇ ነጥቄ ከማሽኑ ጋ አባርራት ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ሥራ የስፖርት ጫማ ያደረገች አሮጊት አስታወሰችኝ።

ዱቄቶቹን ለግል ላብራቶሪ ላክሁ። ስም ሳልጽፍ፣ በቁጥር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛውን ከቤቴ ሽሮ አድርጌ።

የራሴንም ደም ሰጠሁ። በራሴ ስም።

ኅዳር 29

ዱቄቶቹ ንጹሕ ናቸው። ሽሮውም።

እኔ ስድስት ነኝ።

ስድስት! ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ኅዳር 30

ሮሃን ለመንኳት፤ ሄዳ ደም ሰጠች። ውጤታችን ደርሷቸው ከጤና ቢሮ አንዲት ነርስ ኮል አድርጋኝ ስትጠይቀኝ ዋለች። ቤታችሁ መቼ ተሠራ? ጋሃና ሰፈር ነው፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሊድ ያለበት የድሮ ቀለም የለውም። ውኃ? ሮሃም ልጅ ሆና የጠጣችው ነው፤ ይመርመር ካላችሁ ይመርመር። ቅመም? እቃ? ከአገር ቤት የመጣ እቃ አለ?

"ምን ዓይነት እቃ?"

"ሸክላ፣ ድስት፣ በተለይ በእጅ የተሠራ…"

አለ አልኳት።

ታኅሣሥ 4

ሮሃ ሁለት።

በወር አንዴ የምትበላው ሁለት። ራት ብቻ የምበላው እኔ ስድስት። ምሳም ራትም የሚበላው አሥራ አራት። ደረጃ በደረጃ። ይሄን ለማየት ማሽንም ጣትም አይጠይቅም፤ ማን ከየት እንደሚበላ ማወቅ ይበቃል። እና በዚህ ዓለም ላይ ይሄን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም! እሱን በምሳ ዕቃ የምሞላው እኔ ነኝ። ሴትዮዋን ለመብለጥ ብዬ አብዝቼ የሠራሁት እኔ ነኝ። "ብላ እንጂ" እያልኩ…

ሎሚ ጨምቄ በሁለት ድስት አፈላሁ፤ እንደ ቲማቲሙ ኮምጣጣ ነው፣ ድስቱ ውስጥ ሊድ ካለ ያወጣዋል። አንዱ ያ ድስት። አንዱ ከዚህ የተገዛ ማሳረሪያ ድስት። እኩል ውኃ፣ እኩል ሎሚ፣ እኩል ሰዓት። ሁለት ጠርሙስ ሞላሁ። ሀ እና ለ ብዬ ጻፍኩባቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማንም ሳልነግር ወደ ላብራቶሪው ላክኋቸው።

ታኅሣሥ 12

ድስቱ ነው።

ታኅሣሥ 13

ለአምሳሉ ነገርኩት። ከሥራ ሲመጣ ድስቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁት። ሁሉንም አልኩት፤ ቁጥሮቹን፣ ሎሚውን፣ የመኪና ሞተሩን። ያለቅሳል ወይ ይጮሃል ብዬ ነበር። ድስቱን አንስቶ ገለበጠው፣ በጥፍሩ ቆረቆረው።

"ስልሱ ግን ይጣፍጥ ነበር" አለ።

ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

"እሺ በቃ፣ የምሥ። በቃ። ሆን ብለሽ አይደለም።"

"ድስቱን ሆን ብዬ አይደለም። ሌላውን ሆን ብዬ ነው። በእሷ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ገባህ? ደስ ብሎኝ ነበር።"

ድስቱን አስቀመጠ።

"በአሮጊት?" አለ። "በአሮጊት ቀናሽ?"

"አዎ።"

ከስንት ሳምንት በኋላ ሳቀ። ሲስቅ ተናደድኩ፣ ተናድጄም ደስ አለኝ። ዛሬ ወደ ክፍላችን ተመለሰ። ድስቱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ለጤና ቢሮ አስረከብኩ።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። ዶሮውን ማሳረሪያው ድስት ላይ ሠራሁት። አረረ። ሁሉም በላ።

ጥር 6

ወይዘሮ ቫሳንቲ ጋ ሄድኩ። ያለ ሊፕስቲክ። ውጤቶቹን ሁሉ ፊታቸው ዘረጋሁ። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ወረቀት አነበቡ፤ ሀ እና ለን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄንን ለተማሪዎቼ እነግራለሁ" አሉ። "ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ድርቀት ሳይ ምን ድስት አላችሁ ብዬ እጠይቃለሁ። ደምም ስጡ እላለሁ።"

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከበቂ በላይ ሆኖባቸው እጃቸውን አወዛወዙ። የመጣሁበትን ግን ሳልጠይቅ አልወጣም ነበር።

"የወንድሙን ነገር… ከእጁ ትርታ ነው ያወቁት?"

"ከትርታው?" ሳቁ። "ከትርታ እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም፣ ልጄ። ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠየቅሁት፤ የታመመ፣ የሞተ። ሁሉንም እጠይቃለሁ። ወንድሙ ጋ ሲደርስ ቆመ።"

"እና?"

"እና ዝም አልኩ። እጁን እንደያዝኩ ነበርና መነሳት አልቻለም።"

ይሄው ነው? ይሄው ብቻ ነው? እኔ በተጋባን ዓመት ጠይቄው ፊቱ ሲለወጥ ሌላ ወሬ አነሳሁ። ያዘንኩለት መስሎኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሌላ ወሬ ሳነሳ ኖርኩ።

የካቲት 7

የአምሳሉ ሰባት ገባ። የእኔ ሦስት። ሐኪሙ "ጥሩ እየወረደ ነው" አለ። ምሳ ዕቃው ባዶ ይመጣል። ድርቀቱ ተሻለው። ስምንት ሰዓት ላይ ግን አሁንም ይነቃል። ያ ከድስቱ አልነበረም።

የካቲት 8

እሑድ። አምሳሉ የቀን ሺፍት ነበረው፤ መኪናው እንደገና ስለተበላሸ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ላመጣው ሄድኩ። በረዶ እየጣለ ነው። ኤርፖርቱ ጋ ሰው የሚጠበቅበት ሜዳ ላይ መኪናዬን አቁሜ ማሞቂያውን ከፍቼ ተቀመጥኩ። አምሳሉ ገባ፤ ጓንቱን አወለቀ። ማርሹን ልነካ ብዬ ተውኩት።

"አንሄድም?"

"እጅህን ስጠኝ።"

"ምን ልታደርጊው?"

"ስጠኝ አልኩ።"

ሦስት ጣቴን አንጓው ላይ አደረግሁ። ልማድ ሆኖ ዓይኔ ወደ ሰዓቱ ሄደ፤ መለስኩት። አልቆጠርኩም። ትርታው ብቻ ነበር። ስለ ነፋስ፣ ስለ ምን፣ ምንም አልገባኝም። የሞቀ እጅ ነው የያዝኩት።

"ብዙነህ ምን ሆነ?" አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ያ የማውቀው ፊት። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥኩት፤ ስለ በረዶው፣ ስለ ራት፣ ስለ ሮሃ። እጁን አለቀቅሁም። አንድ አውሮፕላን ተነሳ። ሌላ ተነሳ። መስታወቱ በትንፋሻችን ተሸፈነ።

ከዚያ ተናገረ።

ያለኝን እዚህ አልጽፍም። ሁሉን ነገር እዚህ ስጽፍ ኖሬ ይሄን አልጽፍም። ሲጨርስ ውጭ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ነበር። ሁለታችንም አፍንጫችንን በምሳ ዕቃው ናፕኪን ጠረግን። ስንወጣ፣ መንገዱ ላይ፣ ላልጠይቅ ብዬ ብዬ አልቻልኩም።

"ያንን የመጨረሻውን… ለወይዘሮ ቫሳንቲም ነግረሃቸዋል?"

"የመጨረሻውን? አይ። እሱን ላንቺ ብቻ ነው።"

ደስ አለኝ። ምን ላድርግ፣ ያው እኔው ነኝ።